የእኩለ ቀን ፀሐይና የሕዋስ ጥገና

ከፀሐይ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ውስጥ ሲዘልቅ የሕዋሳትን ዲኤንኤ ይጎዳል። አዲስ አበባ ለዚህ ጨረር የተጋለጠች ከተማ ናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ጨረሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ላይ ፀሐይ በቀጥታ በአናት ላይ ታልፋለች። በቀን ስድስት ሰዓት አያት አካባቢ ፎቅ ላይ ብረት የሚያስር ሠራተኛ ግን የጨረሩን ብርታት ላያስተውል ይችላል። የደጋው ነፋስ ገላውን ያቀዘቅዝለታል፤ ሰው በቆዳው የሚሰማው ሙቀትን እንጂ አልትራቫዮሌትን አይደለም።

ዲኤንኤ እንደ ዚፕ ትይዩ የሚገጥሙ ሁለት ዘንጎች አሉት። በአንዱ ዘንግ ላይ ያለ ታይሚን የተባለ የዲኤንኤ ፊደል በሌላው ካለው አዴኒን ከተባለ ፊደል ጋር ይጣመራል። ጨረሩ ሲያርፍበት ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታይሚኖች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ዘንጉ በዚያ ቦታ ይጣመማል፤ መልእክቱን የሚያነበው ኢንዛይምም እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ጥገናው ደረጃ በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ኤክስፒሲን የመሰሉ ፕሮቲኖች የተጣመመውን ቦታ ያገኛሉ። ሌሎች ፕሮቲኖች ሁለቱን ዘንጎች ያላቅቃሉ። ከዚያ ሁለት ቆራጭ ኢንዛይሞች ከጉዳቱ ግራና ቀኝ ቆርጠው 30 ያህል ፊደላት ያሉትን ቁራጭ ያወጣሉ። ክፍተቱ ጤነኛውን ዘንግ አብነት በማድረግ ይሞላል፤ በመጨረሻም ሊጌዝ የተባለው ኢንዛይም ጫፎቹን ያያይዛል። አንዳንዱ ጉዳት በሰዓታት ውስጥ ሲጠገን፣ ሌላው ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ጉዳቱ ከአቅም በላይ የሆነበት ሕዋስ ራሱን ያጠፋል።

ዕፅዋት ተጨማሪ ዘዴ አላቸው። ፎቶላይዝ የተባለው ኢንዛይማቸው የብርሃንን ኃይል ተጠቅሞ የተጣበቁትን ፊደላት ሳይቆርጥ ያላቅቃል። ሰው ይህ የለውም። ተመራማሪው አዚዝ ሳንጃር እነዚህን አሠራሮች በማብራራቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተጋርቷል።

የጥገናው ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ሲጓደል ነው። ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም የተባለ የዘር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጉዳቱን በወጉ መጠገን ስለማይችሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቆዳ ካንሰር ይጠቃሉ። አልቢኒዝም ባለባቸው ሰዎች ደግሞ ጥገናው ቢኖርም፣ ጨረሩን የሚከላከለው ሜላኒን ስለሚያንሳቸው ጉዳቱ ይበዛባቸዋል። ጥቁር ቆዳ ሜላኒኑን በሕዋሱ እምብርት ላይ እንደ ጥላ ይዘረጋል፤ ሆኖም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግድም።

ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ረጅም ልብስና ጃንጥላ፣ በተለይ ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት፣ የጉዳቱን መጠን ይቀንሳሉ። ጉዳቱ ባነሰ ቁጥር ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት ጠግኖ የመጨረስ ዕድሉ ይሰፋል።