የንግድ ምስጢርን ቆልፎ መላክ ወጪው ስንት ነው?

የጨረታ ዋጋ ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ተወዳዳሪ እጅ ከገባ ጨረታው አለቀለት ማለት ነው። የቡና ላኪው ውልም ሆነ አስመጪው የሚልከው የክፍያ መረጃ መንገድ ላይ ከታየ ኪሳራው የሚሰላው በብር ነው። ይሁን እንጂ ለሰነዱ ካዝና የሚገዛ ነጋዴ፣ ያንኑ ሰነድ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፉ በኮምፒዩተር ሲልክ መንገዱ የተቆለፈ ይሁን ክፍት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

ችግሩ የቆየ ነው። ለዓመታት ፋይል ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲተላለፍባቸው የኖሩት ኤፍ.ቲ.ፒ. እና አር.ሲ.ፒ. ሰነዱን ሳይቆልፉ ነበር የሚልኩት። ኤፍ.ቲ.ፒ. የይለፍ ቃሉን ሳይቀር በግልጽ ጽሑፍ ስለሚያስተላልፍ፣ መስመሩን ያደባ ሰው እንደ ጋዜጣ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች በዚሁ መንገድ ተሰረቁ። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ታቱ ዩሎነን በዚህ ምክንያት ኤስ.ኤስ.ኤች. የተሰኘውን የተቆለፈ መገናኛ ሠርተው በነፃ አሠራጩ፤ ፈላጊው ሲበዛም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለው ነፃ ምርት ወጣ።

ፋይል ለመላክ የሚያገለግለው የዚሁ ቤተሰብ አባል ኤስ.ሲ.ፒ. ይባላል። በመስኮትና በሥዕል ሳይሆን በጽሑፍ ትእዛዝ ይሠራል። ላኪው የመሣሪያውን ስም፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም፣ ከዚያም የተቀባዩን ኮምፒዩተር አድራሻ፣ ሁለት ነጥብና የማኅደሩን ቦታ በአንድ መስመር ይጽፋል። በሊኑክስና በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ አብሮ ይመጣል፤ ዊንዶውስ 10ም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ይዞታል። በተቀባዩ በኩል የኤስ.ኤስ.ኤች. አገልግሎት መከፈት አለበት።

ለመሆኑ ወጪው የት ላይ ነው? የመሣሪያው ዋጋ ዜሮ ነው። የሚከፈለው በጥንቃቄ ነው። በተለይ ሦስት ነገሮች ነጋዴን ያስከፍላሉ።

አንደኛ፣ ሁለት ነጥቧ ከተረሳች ፋይሉ የትም አይሄድም። ትእዛዙ ያለ ስህተት መልእክት ያልፋል፤ ቅጂው ግን በላኪው ኮምፒዩተር ላይ በሌላ ስም ይቀመጣል። የጨረታው ሰዓት እስኪያልፍ "ልኬያለሁ" ብሎ መተኛት አለ።

ሁለተኛ፣ በመድረሻው ማኅደር ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካለ ሳይጠይቅ ይተካዋል። የትናንቱ የዋጋ ዝርዝር እንዲቀመጥ የሚፈልግ ሰው ፋይሉን በቀን መሰየም ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር መጀመሪያ ሲገናኙ የዚያ ኮምፒዩተር መለያ አሻራ ይታይና "ይቀጥል ወይ?" የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ብዙዎች ሳያነቡ "አዎ" ይላሉ። ትክክለኛው አሠራር ለተቀባዩ ስልክ ደውሎ አሻራውን ማመሳከር ነው። አሻራው በኋላ ተለውጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ ምክንያቱ ሳይጣራ ሰነድ መላክ አይገባም፤ በመካከል የገባ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።

መሣሪያው ራሱም ከእንከን የጸዳ አልነበረም። የኤስ.ሲ.ፒ. የቆየ አሠራር ከአር.ሲ.ፒ. የተወረሰ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤች. አዘጋጆች ጊዜ ያለፈበት መሆኑን ገልጸው ተጠቃሚው ወደ ኤስ.ኤፍ.ቲ.ፒ. እና አር.ሲንክ እንዲያዘነብል መክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 9.0 እትም ደግሞ የትእዛዙ አጻጻፍ እንዳለ ሆኖ ውስጡ በኤስ.ኤፍ.ቲ.ፒ. እንዲሠራ ተደርጓል። ስለዚህ የድሮውን እትም የሚጠቀም ድርጅት ማሳደሱ ይበጀዋል።

ቁልፉ የሚጠብቀው መንገዱን ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሰነዱ ከደረሰ በኋላ ማን ይከፍተዋል፣ የይለፍ ቃሉስ በስንት ሰው እጅ ነው የሚለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።