ንቅሳት በሌዘር ይጠፋልን?

በዓለም ላይ ያለ ሕዝብ ሁሉ እንደየአገሩ ልማድ ሰውነቱን ሲያስጌጥ ኖሯል። በእኛም በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ከተማ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ፣ በገበያ ቀን ወጥቶ የተመለከተ ሰው አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶችንና በግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸውን እኅቶች ያያል። ንቅሳቱ ለአንዷ ጌጥ፣ ለሌላዋ የሃይማኖት ምልክት፣ ለሦስተኛዋ ደግሞ በልጅነቷ ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተደረገባት ነገር ነው። ዛሬ ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ «ንቅሳት የሚያጠፋ የብርሃን መሣሪያ በአዲስ አበባ አለ ይባላል፤ እውነት ነውን?» እያሉ ይጠይቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ሳያጋንኑም ሳያቃልሉም መልስ መስጠት ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣችኝ ታላቅ እኅቴ ናት። ገና ሕፃን ሳለች ግንባሯንና አንገቷን ነቅሰዋታል። ፍየሎች አርብታና ሸጣ ለአንድ ጊዜ የአዲስ አበባ ጉዞ የሚበቃ ገንዘብ አጠራቀመች። ከዚያም «አንተ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነህ፤ በአንድ ቀን ይለቅልኛል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ገንዘቧን ብቻ ሳይሆን ፊቷንም የሚነካ ስለ ሆነ በግምት ልናገር አልወደድሁም። ስለዚህ የባዮሎጂና የፊዚክስ መምህሮቻችንን ጠየቅሁ፤ ስለ ቆዳ ሕክምና የተጻፈውንም አነበብሁ።

በመጀመሪያ ንቅሳት ስለ ምን እንደማይለቅ እንመልከት። የላይኛው ቆዳችን በየጊዜው እየረገፈ በአዲስ ይተካል፤ እንሶስላ በጥቂት ሳምንታት የሚለቀውም ስለዚህ ነው። ነቃሿ ግን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ጥላሸቱን ወደ ውስጠኛው ቆዳ ታስገባዋለች። በዚያ ያሉት የሰውነታችን ጠባቂ ሕዋሳት ጥላሸቱን እንደ ባዕድ ነገር ቈጥረው ይውጡታል፤ ዳሩ ግን ሊያሟሙት አይችሉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የዋጠው ሕዋስ ሲሞት በስፍራው የተተካው ሌላ ሕዋስ ያንኑ ቀለም መልሶ ይውጠዋል። ቀለሙ እንዲህ እየተወራረሰ ሰውየው እስኪሞት ድረስ ይቆያል። እንዲያውም በ1991 በኢጣልያና በኦስትርያ ድንበር አጠገብ ከበረዶ ውስጥ በተገኘውና ከ5,000 ዓመት በላይ በቆየው ሬሳ ላይ ንቅሳቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል።

ሌዘር ብርሃን ነው እንጂ ራጅ አይደለም። የመጀመሪያውን ሌዘር በ1960 የሠራው አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን ነው፤ ብዙ ሳይቆይም ሐኪሞች በንቅሳት ላይ ሞከሩት። ጥቁር ነገር ብርሃንን አብዝቶ ይጠጣል። ሐኪሙ ከሰከንድ በቢሊዮን በሚቈጠር እጅግ አጭር ጊዜ ብርሃኑን በንቅሳቱ ላይ ሲለቅበት ጥላሸቱ በድንገት ግሎ ይሰነጣጠቃል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ ግን ለመጋል ጊዜ አያገኝም። ገበሬ የእርሻውን ጓል ሲከሰክስ እናያለን። ሌዘርም እንደዚሁ ጓሉን ይሰባብራል እንጂ አፈሩን ከማሳው አያወጣም። የደቀቀውን ቀለም ቀስ በቀስ የሚያነሣው ራሱ ሰውነታችን ነው፤ ጉንዳን ከአውድማ ላይ ፍሬውን አንድ በአንድ እንደሚያግዝ ማለት ነው።

ይህን የተረዳ ሰው በአንድ ቀን ይጠፋል የሚለውን ወሬ አያምንም። ከአንዱ ሕክምና እስከ ሌላው ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2012 በኢጣልያ 352 ሰዎችን ተከታትለው የጻፉ ሐኪሞች እንደ ገለጡት፣ ከ10 ጊዜ ሕክምና በኋላ ንቅሳቱ በሚገባ የጠፋላቸው ከመቶ 47 ያህሉ፣ ከ15 ጊዜ በኋላ ደግሞ ከመቶ 75 ያህሉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከቀድሞው ይበልጥ ፈጣን የሆነ ሌዘር ቢወጣም ትዕግሥት ማስፈለጉ አልቀረም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን እዚህ ላይ ይጠቅሱናል።

ይሁን እንጂ ለራያ እናቶችና እኅቶች የሚያጽናና ነገር አለ። አንደኛ፣ የአገራችን ንቅሳት ጥላሸት በመሆኑ ጥቁር ነው፤ ለሌዘርም ከቀለማት ሁሉ የሚቀለው ጥቁር ነው። ሁለተኛ፣ በእጅ የተነቀሰው በመኪና ከተነቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ያነሰ ስለ ሆነ ባነሰ ጊዜ ይደበዝዛል። ሦስተኛ፣ በፊትና በአንገት ላይ ያለው በእጅና በቁርጭምጭሚት ላይ ካለው ይፈጥናል፤ ደም በዚያ በብዛት ስለሚዘዋወር ነው።

የሚያሳስበው ግን የቆዳችን ጥቁረት ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለው ቀለም እርሱም ብርሃን ይጠጣል። ስለዚህ የማይስማማ ሌዘር ቢተኩሱበት ንቅሳቱ ሲደበዝዝ ቆዳው ሊነጣ ወይም ይበልጥ ሊጠቁር ይችላል። ይህም አንዳንዱ በወራት ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ይቀራል። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው «ኤንዲ ያግ» የተባለው፣ 1064 ናኖሜትር የሚሠራው ሌዘር ነው፤ ሜላኒን ይህን ብርሃን ብዙም አይጠጣውምና። ስለዚህ ታካሚው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሌዘሩን ዓይነት መጠየቅ፣ አስቀድሞም በትንሽ ስፍራ ላይ እንዲሞከርለት መለመን ይገባዋል። ጆሮዋን ስትበሳ ጠባሳው እያደገ ያበጠባት ሴት ይህን ለሐኪሙ ሳትነግር መታከም የለባትም።

በሕክምናው ጊዜ ሕመም አለ፤ የፈላ ዘይት እንደ ተፈናጠረበት ያለ ነው ይባላል። የሚያደነዝዝ ቅባት ግን ይሰጣል። ግንባር ለዐይን ቅርብ ስለ ሆነ ዐይን በሚገባ መሸፈን አለበት። ብርሃኑ እንዳረፈ ስፍራው ነጭ ይሆናል፤ ወዲያው በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። በማግስቱ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ማፍረጥ አይገባም። በንጹሕ ውኃና ሳሙና አጥቦ ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግበትም። ከሁሉ በላይ የቆላችን ፀሐይ ጠላቱ ነውና ማሽላ ስትጠብቅ የምትውል ሴት ነጠላዋን ከግንባሯ ልታወርድ አይገባትም።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ነገርኋት። ቆቦ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስምንት ጊዜ ብቻ ብትመላለስ መንገዱ ከ8,800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጊዜውም አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ከዚህም ሁሉ በኋላ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው እንደ ጥላ ያለ ምልክት ሊቀር ይችላል። እርሷም ጥቂት ካሰበች በኋላ «እንግዲያውስ የአንገቴ ይቅር፤ እርሱ ጌጤ ነው። የግንባሬን ብቻ ላስደብዝዘው» አለች። ፍየል የሸጠችበትንም ገንዘብ በአንድ ጉዞ ከመጨረስ ከፋፍላ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ክፍል ለምርመራና ለሙከራ ነው። ይህ የእኔ ምክር ሳይሆን የራሷ ሒሳብ ነው።

ትዕግሥት ያጡ አንዳንድ ሰዎች ግን የቅንጭብ ወተት፣ የባትሪ አሲድ፣ ጨውና አሸዋ የሚሞክሩ አሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚያቃጥሉት ቀለሙን ሳይሆን ቆዳውን ነው፤ በንቅሳቱ ፈንታ የሚተርፈውም ሌዘር የማያነሣው ጠባሳ ነው። የቅንጭብ ወተት ወደ ዐይን ቢገባ ደግሞ ለዕውርነት ሊያበቃ ይችላል።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በክንዱ ላይ የወዳጁን ስም በቀለም ለማስነቀስ የሚያስብ ቢኖር ይህን ያስታውስ፦ ለመነቀስ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ለማጥፋት ግን ዓመት አይበቃም። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ከጥላሸት ይልቅ ያስቸግራሉ። ለብዙ ሰው የተወጋበት መርፌም የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን ያስተላልፋል። ወላጆችም ልጃቸውን ከማስነቀሳቸው በፊት አድጋ ራሷ እንድትመርጥ ቢተዉላት መልካም ነው። የተነቀሱትን እናቶቻችንን ግን ማንም ሊያፌዝባቸው አይገባም፤ ምልክቱን ለማስቀረትም ሆነ ለማስጠፋት የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። የእኛ ድርሻ ለወሰኑት እውነተኛውን ነገር መንገር ነው።