ስለ ጤና የሚጠይቁ ልጆቻችንን ማን ያግዛቸው?

ወላጆች ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰዱ አስቀድመው የሚያስቡት ፊደል እንዲቆጥር፣ ሒሳብ እንዲያውቅ፣ በመጨረሻም ደመወዝ ያለው ሥራ እንዲይዝ ነው። ይህ አሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ልጅ ከፊደል አስቀድሞ በተፈጥሮው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መጠየቅ ነው። «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀውን ልጅ «ዝም በል» የሚለው ቤት ብዙ ነው፤ «እስኪ አብረን እንየው» የሚለው ቤት ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር ያሰብነው፣ ስለ ጤና የሚጠይቁ ልጆች ከቤታቸው፣ ከዩኒቨርሲቲና ከኩባንያ ሊያገኙት ስለሚገባው እርዳታ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ነገራችንን ከባሌ ደጋ እንጀምር። ሮቤና ጎባ እርስ በርሳቸው ብዙም የማይራራቁ፣ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጡ ሁለት ከተሞች ናቸው። ከጎባ ወደ ደቡብ ሲወጡ የሳነቴ አምባ ይገኛል፤ በላዩም 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። የዚህ አገር ሰው ስለ ምርምር ጥቅም ብዙ ስብከት አያስፈልገውም፤ በሮቤ አጠገብ ያለው የስናና የእርሻ ምርምር ማእከል ለገበሬው የሚስማማውን የስንዴና የገብስ ዘር ለማግኘት ሲደክም አይቷልና። ለእህል የተደረገው ድካም ለሰው ጤና ደግሞ እንዲደረግ፣ በሮቤ የተቋቋመው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና አዋላጆችን በማሠልጠን ላይ ይገኛል፤ የጎባው ሆስፒታልም የእነዚህ ተማሪዎች መለማመጃ ነው። እንግዲህ የሮቤ ልጅ ሐኪምን ለማየት፣ ማይክሮስኮፕ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ እንደ ቀድሞው ዘመን ወደ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በሩን የሚከፍትለት ሰው ነው።

ይህም በር እንዴት እንደሚከፈት ከባሌ ተራራ ላይ አንድ ምሳሌ እናገኛለን። ቀይ ቀበሮ፣ በአገሩ ቋንቋ ጀዳላ ፈርዳ የሚባለው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ የቀረውም ከአምስት መቶ አይበልጥም፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ነው። ይህን እንስሳ በ1991ና በ1992፣ ደግሞም በ2003ና በ2004 እጅግ የፈጀው ጠላት አዳኝ ወይም ረኃብ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዌብ ሸለቆ በሁለተኛው ጊዜ ከአራቱ ቀበሮ ሦስቱ ያህል እንዳለቁ ይነገራል። በሽታውን ያመጡት ከጅብና ከነብር መንጋን ይጠብቁ ዘንድ በየእረኛው ቤት የሚያድሩት ውሾች ናቸው። ውሻውም ቀበሮውን ብቻ አይነክስም፤ የባለቤቱን ልጅም ይነክሳል።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ በ1995 የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የተባለውን ሥራ ያቋቋሙት ይህን ተረድተው ነው። ዩኒቨርሲቲያቸው በዕውቀት፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት በገንዘብ ሲያግዟቸው፣ የአገሩ ልጆች የሆኑት ሠራተኞች በፈረስና በእግር እየዞሩ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የመንደር ውሾችን ይከትባሉ። በ2018ም ለቀበሮዎቹ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይሰጣቸው ጀመር፤ ይህን ክትባት የሠራው ቪርባክ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሠራተኞቹ ወደ ትምህርት ቤት ገብተው ልጆችን ማስተማራቸው ነው። ልጁ ውሻው ስለ ምን እንደሚከተብ ሲያውቅ ማታ ለአባቱ ይነግራል፤ አባቱም በነጋታው ውሻውን አስሮ ያመጣል። በዚህ መንገድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኩባንያ፣ በጎ አድራጊና አንድ የእረኛ ልጅ በአንድ ሥራ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ ለእናቶች የሩቅ ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59000 ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታሉ፤ ባበደ እንስሳ ከሚነከሱትም ከመቶው አርባ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ማዳን በእጃችን ነው። ልጅ በውሻ ሲነከስ ቁስሉን ሳይዘገዩ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ወስዶ ማስከተብ ነው። ቅጠል መለጠፍ፣ «ውሻው የራሳችን ነው» ብሎ መዘግየት፣ ልጁ ቅጣት ፈርቶ መነከሱን እንዲሸሽግ ማድረግ ሕይወቱን የሚያሳጣ ስሕተት ነው።

ክትባቱን የሰጠን ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1885 ሲመረምር ሳለ፣ አንዲት እናት ባበደ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጇን ይዛ ከአልዛስ አገር ፓሪስ ድረስ መጣች። የልጁም ስም ዮሴፍ ማይስተር ነበር። ክትባቱ ተሰጠውና ዳነ። ይህ በተሰማ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር ነገሥታትም ተራ ሰዎችም ገንዘብ አዋጥተው ከ2 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ሰበሰቡ፤ የፓስተር የምርምር ቤትም በ1888 ተከፈተ። ማይስተርም ካደገ በኋላ የዚያው ቤት በር ጠባቂ ሆኖ አገለገለ። ምርምርን መደገፍ የባለጠጋ ብቻ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ሳሙናን ካነሣን ዘንድ ስለ ሳሙና ሌላ ታሪክ እንጨምር፤ ይህኛው የእኛው ነው። በ1964 አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በተመለሱበት ወራት፣ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ፤ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ግን በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው በውኃው ላይ ይንሳፈፉ ነበር። እንዶድ በየቤቱ ደጅ የሚገኝ፣ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ነጠላ የሚያነጡበት ተክል ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ አጠገብ አልፎ ይሆን? እኒህ ሰው ግን ቆመው ጠየቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የሚያስደንቀው፣ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በሳሙና ምክንያት ወደዚያው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ መግባቱ ነው። ሔማን በቀለ በአዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋራ ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ነው። ገና ሕፃን ሳለ የዕቃና የልብስ ማጠቢያ ሳሙናዎችን እየቀላቀለ ምን እንደሚሆን ይመለከት ነበር፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላውም ለገና በዓል የኬሚስትሪ መለማመጃ ዕቃ ተሰጠው። በኢትዮጵያ ሳለ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ማየቱን አልረሳም ነበርና፣ የቆዳ ነቀርሳን ለማከም የሚረዳና ዋጋው የማይከብድ ሳሙና ለመሥራት አሰበ። ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ በየዓመቱ ለወጣት ተመራማሪዎች ውድድር ያዘጋጃል፤ ለመጨረሻው ዙር ለሚደርሱት ልጆችም ከሠራተኞቹ መካከል አንዳንድ መሪ እየመደበ ያስተምራቸዋል። ሔማን በ2023፣ በ14 ዓመቱ፣ አንደኛ ወጥቶ 25000 ዶላር ተሸለመ። ከዚያም በጆንስ ሆፕኪንስ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በሊቃውንት ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲሠራ ተፈቀደለት።

ይሁን እንጂ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። የሔማን ሳሙና ገና መድኃኒት አልሆነም፤ በአይጥ ላይ ገና ሲሞከር ነው የምናውቀው፤ ለሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ልጁ ራሱ ተናግሯል። ሽልማት ፈውስ አይደለም። የሽልማቱ ጥቅም የልጁን ጥያቄ ወደ ሊቃውንት ደጅ ማድረሱ ነው።

ኩባንያስ ይህን የሚያደርገው ስለ ምንድን ነው? በአሜሪካ አገር ከ1942 ጀምሮ የሚደረግ የወጣቶች የሳይንስ ውድድር አለ፤ በመጀመሪያ ዌስቲንግሃውስ፣ ቀጥሎ ኢንቴል፣ ከ2017 ጀምሮም ሬጄኔሮን የተባለው መድኃኒት ሠሪ ወጪውን ችለውታል። ከዚያ ውድድር ካለፉት ልጆች መካከል በኋላ ዘመን የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉ ይገኛሉ። ኩባንያው ስሙን ያስመሰግናል፤ የነገ ሠራተኞቹንም ያፈራል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሰጪም ተቀባይም ሊጠቀሙ ይችላሉና። ነገር ግን ወላጅና መምህር አራት ነገር መጠየቅ አለባቸው። ልጁ በሥራው ላይ ከመርዝና ከአደጋ የሚጠብቀው ማነው? ያገኘው አሳብ ቢሠምር ባለቤቱ ማን ይሆናል? እርዳታው ለአንድ በዓልና ለአንድ ፎቶግራፍ ነው ወይስ ለዓመታት? ሴት ልጆችስ እኩል ይገባሉን? ለእነዚህ ቀና መልስ የሚሰጥ ደጋፊ እንኳን ደኅና መጣ ሊባል ይገባዋል።

አሁን ወደ ሮቤና ወደ ጎባ እንመለስ። የባሌ ገበሬ ልጅ በአጨዳ ጊዜ ለቤቱ እጅ ናት ወይም ነው፤ አባት «ምርምር ገብስ አያጭድም» ቢል አንፈርድበትም። እኛ የምንለው ግን ብዙ ጊዜና ብዙ ብር የማይጠይቅ መጀመሪያ አለ ነው። ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹን በየመንደራቸው ያሉትን ውሾች ከሩቅ ሳይነኩ ባለቤቶቻቸውን እየጠየቁ እንዲቈጥሩ፣ የተከተበውንና ያልተከተበውን በመዝገብ እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ ይህ እውነተኛ ምርምር ነው። በአንድ ቀበሌ ከመቶው ውሻ ሰባ ያህሉ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ እንደሚያጣ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ 200 ውሾች ባሉበት መንደር 140ው መከተብ አለባቸው ማለት ነው፤ ልጆቹ 90 ብቻ ቢያገኙ፣ 50 እንደ ጐደለ በመዝገባቸው ለጤና ጣቢያውና ለእንስሳት ሐኪሙ ያሳያሉ። የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ በእርሳስና በደብተር የሰው ነፍስ ሊያድን የሚችለው እንዲህ ነው።

ለዚህም ሁሉ ድርሻው አለው። ዩኒቨርሲቲው በወር አንድ ቀን ቤተ ሙከራውን ለተማሪዎች ቢከፍት፣ አንድ የሕክምና ተማሪም መዝገባቸውን ቢያርምላቸው፣ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ማይክሮስኮፕ ገዝቶ ለትምህርት ቤቱ ቢሰጥ፣ የፓስተርን ቤት ካሠሩት ሰዎች በአሳብ አያንስም።

ወላጆች ሆይ፤ የእናንተ ድርሻ ከሁሉ ይቀድማል፤ ዋጋውም ከሁሉ ይቀላል። በቤታችሁ ሳሙና ይኑር፤ ውሻችሁ ይከተብ፤ ልጃችሁም ማታ በምድጃ ዳር ተቀምጦ «ውሾቹን ቈጠርናቸው፤ የእኛ አልተከተበም» ቢላችሁ፣ አትቈጡት። በነጋታው ውሻውን አስራችሁ ከልጃችሁ ጋራ ውሰዱት። ያ ልጅ ሐኪም ባይሆን እንኳ፣ ጥያቄው መልስ እንዳገኘ ሳይረሳ ያድጋል።