ምልመላ ኮከብ ቆጠራ አይደለም

ባለፈው ዓመት እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት የማውቃቸው እናት ፖስታ ይዘው ጠበቁኝ። ልጃቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ደብዳቤው የኮሌጅ ዓርማ ያለበት፣ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ፣ የልጁም ስም በትልቁ የተጻፈበት ነው። «ልጄ፣ ስኮላርሺፕ ሰጡት አይደል?» አሉኝ። አነበብኩት። ለበጋ የሥልጠና ካምፕ ከፍሎ እንዲመጣ የተላከ ጥሪ ነበር። እንዲህ ያለው ወረቀት ለብዙ ልጆች ይላካል። ይህን ስነግራቸው የፊታቸው መለዋወጥ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

የኮሌጅ ፉትቦል ምልመላን ለዓመታት በፍቅር ተከታትያለሁ። ስለ ጨዋታው ብዙ ይወራል፤ ጨዋታውን ስለሚወልደው ሥራ ግን የሚወራው ጥቂት ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። ፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ፤ ደካማው ቀድሞ ያነሳል። ኮሌጆች እንዲህ ያለ ተራ የላቸውም። መራጩ የ17 ዓመቱ ልጅ ነው፤ አሰልጣኙ ደግሞ ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄዶ የሚለምን። ፊርማው አብዛኛውን ጊዜ በታኅሣሥ ይፈረማል። ለዓመታት አንድ የከፍተኛው ዲቪዥን ቡድን 85 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈልን በፈቀደው የፍርድ ቤት ስምምነት ውስጥ ለገቡት ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሥቶ የቡድኑ አባላት ቁጥር በ105 ተወስኗል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮከቡ ላይ ነው። ምልመላን የሚከታተሉ ድርጅቶች ለታዳጊዎች ከ2 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣሉ። ከታወቁት አንዱ ባለ 5 ኮከቦቹን ወደ 32 የሚያደርሳቸው በፕሮፌሽናሉ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር 32 ቦታ ስላለ ነው። ኮከብ ከንቱ ነው አልልም። እንደ አላባማና ኦሃዮ ስቴት ያሉ ኮሌጆች የሚያሸንፉት ባለ 4 እና ባለ 5 ኮከቦችን ስለሚሰበስቡ ጭምር ነው። ነገር ግን በከፍተኛው ዲቪዥን ከ130 በላይ ኮሌጆች አሉ። ሁሉም 32 ልጆችን ካሳደደ አብዛኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። «ምልመላችንን እናሻሽል» ሲባል «ኮከብ እንጨምር» ብሎ የሚተረጉም ኮሌጅ ሥራውን ገና አልጀመረም።

ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ያሳየኝ ካንሳስ ስቴት ነው። ማንሃተን በምትባል ትንሽ የካንሳስ ከተማ፣ በስንዴ አገር መካከል ያለ ኮሌጅ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከትልልቆቹ ቡድኖች ሁሉ በሽንፈት ብዛት የሚወዳደረው አልነበረም። በ1987 እና በ1988 የውድድር ዘመናት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ወደዚያ ሂድ ቢሉት የትኛው ባለ 5 ኮከብ ይሄዳል?

በ1988 መጨረሻ ከአዮዋ የመጡት አሰልጣኝ ቢል ስናይደር የማይመጣውን ልጅ ሲለምኑ ጊዜ አላጠፉም። ዙሪያቸውን አዩ። ካንሳስ ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን የማይበልጥ ግዛት ናት፤ ነገር ግን እንደ በትለርና ኸቺንሰን ያሉ፣ ፉትቦልን አጥብቀው የሚጫወቱ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሏት። እነዚያ ኮሌጆች ውስጥ ያለው ልጅ ውጤቱ ስላልደረሰ፣ ዘግይቶ ስላደገ ወይም ማንም ስላላየው ወደ ትልቁ ያልገባ ነው። ዕድሜው 20 ሆኗል፣ ሰውነቱ ጠንክሯል፣ ሁለተኛ ዕድል ምን እንደሆነ ያውቃል። ስናይደር ከካንሳስም አልፈው ቴክሳስ ካለው ብሊን ኮሌጅ ማይክል ቢሾፕ የተባለ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራ ኳስ ወርዋሪ) አመጡ። በ1998 ቢሾፕ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች በሚሰጠው በሃይስማን ሽልማት ሁለተኛ ወጣ፤ ቡድኑም መደበኛውን ውድድር 11 ጨዋታ አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ ፈጸመ።

የሁለት ዓመት ኮሌጆች የመጀመሪያው በር ነበሩ፤ ሁለተኛው በር ዎክኦን ይባላል። ዎክኦን ማለት ስኮላርሺፕ ሳይሰጠው፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ከፍሎ ተመዝግቦ ቡድኑን የሚቀላቀል ልጅ ነው። ብዙ ኮሌጅ እነዚህን ልጆች ለልምምድ ማሟያ ብቻ ነው የሚያያቸው። ካንሳስ ስቴት ግን ለገበሬና ለትንሽ ከተማ ልጆች በሩን ከልቡ ከፈተ። ጆርዲ ኔልሰን ከማንሃተን አጠገብ ካለችው ራይሊ ነው የመጣው፤ ያለ ስኮላርሺፕ፣ በተከላካይነት። በኋላ ኳስ ተቀባይ ተደረገ። በ2007 ብቻ 122 ኳስ ያዘ፤ በፕሮፌሽናሉም ከግሪን ቤይ ቡድን ጋር የፍጻሜውን ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ።

ዳረን ስፕሮልስም ከዚያው ከካንሳስ፣ ከኦሌታ ነው። ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ በሜትር የሚመለምል ሁሉ የሚያልፈው ልጅ ማለት ነው። በ2003 የሊጉ ፍጻሜ ካንሳስ ስቴት ኦክላሆማን 35 ለ 7 ሲረታ 235 ያርድ የሮጠው እሱ ነው።

የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባላል። በኮሌጅ ፉትቦል ይህ በየዓመቱ ይታያል። ጆሽ አለን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋየርቦ በምትባል ከተማ፣ እርሻ ላይ አደገ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚደግፈው እዚያው አቅራቢያ ያለው ፍሬዝኖ ስቴት እንኳ ስኮላርሺፕ አልሰጠውም። ሪድሊ የተባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ፤ ለየአሰልጣኙ ኢሜይል ጻፈ፤ ዋዮሚንግ ተቀበለው። ዛሬ የፕሮፌሽናሉ ቡድን የቡፋሎ ቢልስ ኳርተርባክ ነው፤ የ2024 የውድድር ዘመን ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተመርጧል።

እንግዲህ ምልመላውን ማሻሻል የሚፈልግ ኮሌጅ መጀመሪያ በመኪና በጥቂት ሰዓት የሚደረስበትን ትምህርት ቤት ሁሉ በየዓመቱ ይጎብኝ፤ ተጫዋች ባይኖርም። የዘንድሮ አሰልጣኝ የከርሞን ልጅ ያውቃልና። ልጁን በፉትቦል ቪዲዮ ብቻ አይመዝነው። ቅርጫት ኳስ ሲጫወት እግሩን፣ ትግል ሲታገል ወገቡን፣ በሩጫ ሰዓቱን ይይ። ከመምህሩ ጋር ይነጋገር። ቡድኑ ሲመራ ሳይሆን በ30 ነጥብ ሲመራበት ልጁ ምን እንደሚያደርግ ይመልከት።

አንድ የምቆጣበት ነገርም አለ። አንዳንድ አሰልጣኞች ለአሥራ አምስት ቦታ ለመቶ ልጅ «ስኮላርሺፕ ሰጥተንሃል» ይላሉ፤ ልጁ «እሺ፣ መጣሁ» ሲል «ትንሽ ቆይ» ይሉታል። ይህ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኪሳራም ነው። የተዋሸው ልጅ አሰልጣኝ አለው፣ ታናሽ ወንድም አለው፣ ሰፈር አለው። በሩ ለብዙ ዓመት ይዘጋል።

ገንዘቡስ? ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ይችላሉ፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ኮሌጆች በቀጥታ ሊከፍሏቸው ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2018 የተከፈተው የዝውውር ፖርታልም አለ፤ ያልተመቸው ተጫዋች ስሙን አስገብቶ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ምልመላ ልጁ ሲፈርም አያልቅም። በእጅ ያለውን ልጅ ማቆየትም ምልመላ ነው፤ የሚያቆየውም መጀመሪያ የተነገረው ቃል እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ልጆቻችሁ ለሚጫወቱ ወላጆች የምለው ይህ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ለአሰልጣኙ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ስኮላርሺፕ ነው ወይስ ጥሪ? ልጄ ዛሬ እሺ ቢል ትቀበሉታላችሁ? ሲጫወት ዓይታችሁታል? ለሦስተኛው ጥያቄ «አዎ» ብሎ የትኛውን ጨዋታ እንደሆነ የሚነግራችሁ አሰልጣኝ ሥራውን የሚያውቅ ነው። ልጃችሁ ስንት ኮከብ እንዳለው ብቻ የሚጠይቃችሁን ግን አመስግናችሁ ስልኩን ዝጉት።