ባራባሶ ባሕር ሲሻገር

ባራባሶን የማያስታውስ ትልቅ ሰው አይገኝም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው ይህ ጫማ፣ ድንጋዩንና ጭቃውን ሁሉ ቢችልም «የድሃ ጫማ» ተብሎ ይናቅ ነበር።

ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ባደጉበት ቦታ፣ ይህንኑ ጫማ መነሻ አድርገው «ሶልሪበልስ» የተባለ አነስተኛ ድርጅት አቋቋሙ። በሰፈሩ የሚፈትልና የሚሸምን ባለሙያ ሞልቶ ሳለ ሥራ አልነበረም። እንግዲህ ሶሉ ከአሮጌ ጎማ፣ ላዩ ደግሞ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ ተሠራ። ጫማው አሜሪካና አውሮፓ ገበያ ገባ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፣ ፈጠራ ማለት የግድ አዲስ ማሽን ማለት አይደለም። እዚህ ፈጠራው ሰው የናቀውን ጎማና የሚያውቀውን ሙያ ማገናኘት ነው። ይጣል የነበረው ጎማ ጥሬ ዕቃ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ዕቃን ወደ ውጭ መላክ፣ በዕብራይስጥ «ይጹእ» የሚባለው፣ የተሻለ ዋጋ ያመጣል። የሰፈር ገበያ ለባራባሶ ብዙ አይከፍልም። የውጭ ገዢ ግን ሲከፍል ይጠይቃል፦ ቁጥር 38 ሁልጊዜ እኩል 38 ይሁን፣ ዕቃው በቀኑ ይድረስ፣ ሠራተኛው ተገቢውን ደመወዝ ያግኝ። ሶልሪበልስም የዓለም የፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን ማረጋገጫ አግኝቷል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ድርጅቱ አሠራሩን እንዲያሻሽል ያስገድደዋል።

ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ መላክ ብቻውን ግን ድርጅትን አያጸናም። በአንድ ደንበኛ የተንጠለጠለ ሥራ ደንበኛው ሲቀር ይወድቃል። የጭነት ዋጋ ሲወደድ ትርፉ ይበላል። ከአቅም በላይ ትዕዛዝ የተቀበለም ጥራቱን ያጣል። ዘላቂነት ማለት ሥራው፣ ጥሬ ዕቃውና ሠራተኛው ለከርሞም መኖራቸው ነው።

እዚህ እስራኤልም ጥልፍ፣ ስፌትና ሸክላ የሚያውቁ እናቶች ብዙ ናቸው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ «ይህን በኢንተርኔት ለውጭ አገር እንሽጠው» ሲላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጥሬ ዕቃው ለከርሞም ይገኛል ወይ? ሠሪዋ የድካሟን ዋጋ ታገኛለች ወይ? አንዱ ገዢ ቢቀር ሌላ አለ ወይ?

ለሦስቱም መልስ ካላቸው መርቃችሁ አግዟቸው። ከሌላቸው ግን ጥቂት ሠርተው፣ በሰፈር ሸጠው፣ ገበያውን እያዩ ቢጀምሩ ይሻላል።