አሜሪካዊው በኢጣሊያ አገር እንደ ገና ተማሪ ሲሆን

ልጅ ወልዶ ያሳደገ፥ በሥራው የተከበረ ሰው እንደ ገና ወደ ተማሪ ወንበር ይመለሳል ቢባል ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን ጡረታውን ይዞም ይሁን ሥራ ጠርቶት በኢጣሊያ አገር ሊኖር የሄደ አሜሪካዊ የሚገጥመው ይኸው ነው። የቶስካናን ኮረብታዎች በሥዕል አይቶ የተመኘ ሰው፥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው በኮረብታው ላይ ሳይሆን በወረፋ ነው።

ሕጉ በገባ በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዝዘዋል። የማመልከቻውን ቅጽ ከፖስታ ቤት ወስዶ ይሞላል፤ የ16 ዩሮ ቴምብር ይለጥፋል፤ በቀጠሮውም ቀን በፖሊስ ጽሕፈት ቤት አሻራውን ይሰጣል። በማዘጋጃ ቤት ነዋሪ ሆኖ ለመመዝገብ ሲያመለክት ደግሞ፥ በእርግጥ በዚያ መኖሩን የሚያጣራ የማዘጋጃ ቤት ፖሊስ ወደ ደጁ ይመጣል። ስለዚህ ስሙን በደወሉ ላይ ያልጻፈ ሰው፥ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንደሌለ ሊቈጠር ይችላል።

ቤቱም ራሱ ያስተምረዋል። በኢጣሊያ ለብዙው መኖሪያ ቤት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኀይል 3 ኪሎዋት ያህል ስለሆነ፥ የልብስ ማጠቢያውና ምድጃው አንድ ላይ ሲሠሩ ቈጣሪው ኀይሉን ይቈርጥና ቤቱ ይጨልማል። በአገሯ ሁሉን በአንድ ጊዜ ታሠራ የነበረች እመቤት የእጥበቱን ሰዓት ከወጡ ሰዓት መለየት ትጀምራለች፤ ልብሱንም በመስኮት በኩል በገመድ ላይ ታሰጣለች። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።

ስለ ቡናውማ እኛ እንሻላለን። ማኪያቶ የሚለው ቃል ከኢጣሊያኖች ወደ እኛ ቋንቋ የገባ ነውና በትንሽ ብርጭቆ እንደሚቀርብ እናውቃለን። አሜሪካዊው ግን በአገሩ በዚህ ስም የለመደው ብዙ ወተትና ጣፋጭ ያለበትን ትልቅ መጠጥ ስለሆነ፥ ጥቂት ወተት ጠብ ያለበት ሲኒ ሲቀርብለት አሳላፊው የተሳሳተ ይመስለዋል። በአገሩ ልማድ «ላቴ» ብሎ ያዘዘውም ቡና የሌለበት ወተት ይመጣለታል፤ ቃሉ በኢጣሊያንኛ ወተት ማለት ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመንጃ ፈቃዱ ነገር ነው። አሜሪካና ኢጣሊያ መንጃ ፈቃድ ለመለዋወጥ የተስማሙበት ውል ስለሌለ፥ በኢጣሊያ ነዋሪ ሆኖ ከተመዘገበ ከአንድ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው በአገሩ ፈቃድ መንዳት አይችልም። አርባ ዓመት የነዳ ሰው ቢሆንም ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ መፈተን አለበት። ፈተናው 30 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱን እውነት ወይም ሐሰት ብሎ በ20 ደቂቃ ይመልሳል፤ ከሦስት በላይ የሳተ ይወድቃል። በእንግሊዝኛ መፈተን አይፈቀድም። መንዳቱን ያውቀዋል፤ የሚጥለው ቋንቋው ነው፤ አንዲት ቃል ስታ እውነቱን ሐሰት ታደርግበታለችና።

እኛ በማታ ትምህርት ቤት ጎልማሶችን ስናስተምር ይህን ኀፍረት በዓይናችን አይተናል። ፊደሉ ሳይሆን ከልጅ ኋላ መቅረቱ ነው የሚያስጨንቃቸው፤ አንዳንዱም በዚሁ የተነሣ ተመልሶ አይመጣም። ለአሜሪካዊው ግን መቅረት ቀላል አይደለም። አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚያልፍበት የኮረብታ መንደር ቤት የገዛ እንደ ሆነ፥ ፈቃዱን ካጣ ወደ ሐኪምም ወደ ገበያም የሚወስደው የጎረቤት ቸርነት ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ከወደቁ ያ የተመኙት ኮረብታ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ማታ ማታ መነጽራቸውን አድርገው፥ መዝገበ ቃላት በአጠገባቸው አኑረው ያጠናሉ።

ያለፈም እንደ ሆነ ለሦስት ዓመት እንደ ጀማሪ ይቈጠራል። በአውራ ጎዳናው ላይ ሌላው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ሲነዳ እርሱ ከ100 እንዳያልፍ ተከልክሏል፤ አብረውት የተፈተኑት ልጆችም እንዲሁ።