የናቡቴ የወይን ቦታና የዘመናችን የኩባንያ ግዢ

ከኢየሩሳሌም ወደ ናዝሬት የሚጓዙ ተሳላሚዎች በመንገዳቸው የኢይዝራኤልን ሰፊ ሜዳ ያቋርጣሉ። የናቡቴ የወይን ቦታ የነበረው በዚሁ አገር ነው። ንጉሡ አክዓብ ቦታው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለ ነበረ የአትክልት ስፍራ ሊያደርገው ፈለገ፤ በለውጡም ከእርሱ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ግምቱን ገንዘብ እንደሚሰጠው ለባለቤቱ ነገረው። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት ለመልቀቅ አልፈቀደም። ከዚህ በኋላ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፥ የሐሰት ምስክሮች አስነሥታ፥ ናቡቴን በድንጋይ አስወገረችው፤ ንጉሡም ርስቱን ሊወርስ ወረደ።

ይህን ታሪክ በማስተዋል የሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። የአክዓብ በደል የጀመረው ከየት ላይ ነው? ዋጋ በመጠየቁ ነውን ቢሉ፥ አይደለም፤ የተሻለ ልስጥህ ያለ ገዢ ስለ ጠየቀ ብቻ በደለኛ አይባልም። በደሉ የጀመረው እንቢታውን ሰምቶ ፊቱን አዙሮ በተኛ ጊዜ፥ ምኞቱ ከፍርዱ በበለጠ ጊዜ ነው፤ የተፈጸመውም በሐሰት ቃልና በደም ነው። እንግዲህ ግዢ ሌላ፥ ግዢውን ለመፈጸም የሚነገረው ቃል ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በዛሬው ዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ስለሚገዛዙበት ሥራ በቅን ለመፍረድ ይረዳል።

ኩባንያን ጠቅልሎ መግዛት ማለት ምን ማለት ነው? ኩባንያ ሀብቱ አክሲዮን በሚባሉ ብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ የንግድ ማኅበር ነው። አክሲዮን የያዘ ሁሉ በያዘው መጠን ባለቤት ነው፤ በጉባኤውም ድምፅ አለው። ስለዚህ አንድ ገዢ ከአክሲዮኖቹ እኩሌታ በላይ በእጁ ካስገባ የማኅበሩ አዛዥ ይሆናል። ባለአክሲዮኖቹ እንዲሸጡለትም ብዙ ጊዜ ከገበያው ከፍ ያለ ዋጋ ያቀርባል። ዲሬክተሮቹ ባይወዱ እንኳ በቀጥታ ወደ ባለአክሲዮኖቹ ሊሄድ ይችላል። ይህ ሥራ ሁልጊዜ ክፉ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሊወድቅ የቀረበ ኩባንያ በብልህ ገዢ እጅ ገብቶ የሚድንበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የሚሸጠው አክሲዮን ሲሆን፥ ከአክሲዮኑ ጋራ ፋብሪካው፥ የሠራተኛው እንጀራና በፋብሪካው ዙሪያ የተመሠረተው መንደር አብረው ወደ አዲሱ ጌታ ያልፋሉ። እነዚህ ግን ድምፅ የላቸውም።

ለዚህ የካድበሪ ኩባንያ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ የእንግሊዝ የቸኮላታ ኩባንያ የተነሣው ጆን ካድበሪ በ1824 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ ከከፈተው ሻይ፥ ቡናና የሚጠጣ ቸኮላታ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤተ ሰቡ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ወገን ነበር። ልጆቹ ሪቻርድና ጆርጅ በ1879 ዓ.ም. ፋብሪካውን ከተጨናነቀው ከተማ አውጥተው ቦርንቪል ወደሚባለው ስፍራ ወሰዱት። ጆርጅም በዚያ የአትክልት ቦታ ያላቸው መልካም ቤቶች አሠራ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ መንደሩን ራሱን ችሎ ለሚቆም የአደራ ድርጅት አስረከበ። ለእነዚህ ሰዎች ትርፍ ማግኘትና ለሠራተኛው ማሰብ ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮች አልነበሩም።

ዘመኑ ግን ተለወጠ። ኩባንያው ከቤተ ሰቡ እጅ ወጥቶ የብዙ ባለአክሲዮኖች ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ካድበሪ ራሱ፥ ከብሪስቶል አጠገብ በኬንሻም ከተማ ያለውን የሶመርዴል ፋብሪካ ዘግቶ ሥራውን ወደ ፖላንድ ለማዛወር ወሰነ። ሠራተኞቹም ወሬውን በኀዘን ተቀበሉ። በሴፕቴምበር 2009 ዓ.ም. ክራፍት የተባለው የአሜሪካ የምግብ ኩባንያ ካድበሪን ጠቅልዬ ልግዛ ብሎ ጥያቄውን በይፋ ሲያወጣ፥ የሶመርዴልን ፋብሪካ ሳይዘጋ ለማቆየት እንደሚችል እምነቱን አብሮ ገለጠ። ተስፋ ቆርጠው ለነበሩት ሠራተኞች ይህ ቃል እንደ ምሥራች ነበር።

የካድበሪ ዲሬክተሮች በመጀመሪያ የቀረበው ዋጋ አነስተኛ ነው ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ወራት ፈጀ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን የባለቤቶቹ ማንነት ተለወጠ። በጥቂት ቀን ገዝተው በጥቂት ቀን ሽጠው የሚያተርፉ የገንዘብ ነጋዴዎች አክሲዮኑን ይሰበስቡ ጀመር። በዚያን ጊዜ የካድበሪ ሊቀ መንበር የነበሩት ሮጀር ካር በኋላ እንዳስረዱት፥ የእነዚህ ነጋዴዎች ድርሻ ከመቶ 5 ያኽል ተነሥቶ ወደ 31 ደረሰ። እነርሱ ስለ ቦርንቪልም ሆነ ስለ ሶመርዴል የሚያስቡበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ የሚጠብቁት የአክሲዮኑ ዋጋ ከፍ እንዲል ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ለአንድ አክሲዮን 840 ፔንስ ሊከፈል፥ ጠቅላላው ወደ 11 ሚሊያርድ ተኩል ፓውንድ ሊሆን፥ ዲሬክተሮቹ ተስማሙ። ናቡቴ ርስቱን አልሸጥም ለማለት የቻለው ርስቱን ከአባቶቹ ተቀብሎ ለልጆቹ የሚያስተላልፍ ስለ ነበረ ነው። ትናንት ገዝቶ ነገ የሚሸጥ ባለቤት ግን እንቢ የሚልበት ነገር የለውም።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ክራፍት አብዛኛውን አክሲዮን ያዘ። ሳምንት ያኽል ቆይቶ፥ በፌብሩዋሪ 9 ቀን፥ የሶመርዴል ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። የሰጠውም ምክንያት፥ ወደ ፖላንድ የማዛወሩ ሥራ እጅግ ርቆ መሄዱን ያወቀው ካድበሪን ከያዘ በኋላ ነው የሚል ነበር። ወደ 400 የሚሆኑ ሠራተኞች ሁለተኛ ጊዜ ተስፋቸውን አጡ። ፋብሪካውም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን አቆመ።

ይህ ሐሰት ነው ወይስ ስሕተት? በሎንዶን የሚገኘው የኩባንያ ግዢን ሥርዓት የሚቆጣጠረው ጉባኤ ነገሩን መርምሮ በሜይ 2010 ዓ.ም. ፍርዱን አወጣ። ክራፍት ቃሉን ሲናገር በልቡ አምኖበት እንደ ነበረ ጉባኤው ተቀበለ፤ ነገር ግን ለእምነቱ በቂ መሠረት ሳይኖረው፥ የካድበሪን ዕቅድ በዝርዝር ሳያውቅ፥ ይህን የመሰለ ቃል በይፋ ማውጣት አልነበረበትም ብሎ በግልጥ ነቀፈው። እንግዲህ የክራፍት ነገር እንደ ኤልዛቤል ደብዳቤ አይደለም። ኤልዛቤል ሐሰት መሆኑን እያወቀች ጻፈች፤ ክራፍት ግን እውነት መሆኑን ሳይመረምር ተናገረ። ሁለቱን በአንድ መፍረድ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ሁለተኛው ንጹሕ ነው ማለትም አይገባም። ተስፋ የሚሰጥ ሰው ተስፋው በሚጠቅመው ጊዜ የበለጠ ሊጠራጠር ይገባዋልና። የምንወደውን ነገር ማመን ቀላል ነው፤ ገንዘብ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይቀላል።

ከዚህ የተነሣ ሕጉ ተሻሻለ። በሴፕቴምበር 2011 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት፥ ገዢው አደርጋለሁ ወይም አላደርግም ያለውን ነገር ግዢው ከተፈጸመ በኋላ እስከ 12 ወር ድረስ እንዲጠብቅ ይገደድ ነበር፤ ከዚህ ነጻ የሚሆነው ታላቅ የሁኔታ ለውጥ ሲደርስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሶፍትባንክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አርም የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ሲገዛ፥ በእንግሊዝ አገር ያሉትን ሠራተኞች ቍጥር በአምስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ለማድረግ የገባው ቃል በሕግ የሚያስጠይቅ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። በዚህ ዐይነት የሶመርዴል ሠራተኞች ኀዘን ለሌሎች ጥበቃ ሆነ፤ ለራሳቸው ግን ዘግይቶ ነበር።

ገንዘብ መፈለግ በራሱ አይነቀፍም። ገበሬ ለዘሩ፥ ነጋዴ ለዕቃው፥ ገዳምም ለመብራቱና ለእንግዳ መቀበያው ገንዘብ ያስፈልገዋል። የሚነቀፈው፥ ገንዘብን በመሻት የሚነገር ቃል ሳይመዘን ከአፍ ሲወጣና ድምፅ የሌላቸው ሰዎች በዚያ ቃል ላይ ቤታቸውን ሲሠሩ ነው። ዛሬ ደቀ መዝሙር የሆነ ነገ መጋቢ ወይም ገበዝ ሆኖ የገዳምን መሬት ያከራያል፤ የሠራተኛን ደመወዝ ይወስናል፤ ለመንደር ሰዎች ተስፋ ይሰጣል። የዚያን ጊዜ ሚሊያርድ ፓውንድ በእጁ አይኖርም፤ ቃሉ ግን በእጁ አለ። ለአንድ ጭሰኛ ወይም ለአንድ ዘበኛ፥ አይዞህ፥ ከቦታህ አትነሣም ከማለቱ በፊት፥ ይህን ለመፈጸም እችላለሁን ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። ያን ሰው ዝም ብሎ ከማሰናበት ይልቅ ተስፋ ሰጥቶ ማሰናበት የከፋ ነውና።